የዝንብ ኩስ ያልኳቸው ነጥቦች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጃንጥላ ሸለሙኝ። ድሬዳዋ ላይ ጃንጥላ የሚያዘው ለዝናብ ሳይሆን ለፀሐይ ነው፤ «ከእንግዲህ ውጪ ውጪውን በይ» ማለታቸው ነው ብዬ ሳቅኩ። ቀጥለው ንግግር አድርጊ አሉኝ። ስለ ምን ልናገር? ሾፌር የሄደበትን አገር ይቆጥራል፣ አስተማሪ ያስተማራቸውን ልጆች ይቆጥራል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሌላው ሰው አሳጥሮ የጻፈውን በማርዘም ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጃንጥላው አይደለም። የመጨረሻዎቹን ወራት የሠራሁት አሮጌውን መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ከሚያስገቡ ሁለት ልጆች ጋር ነበር። የማይገባቸው ምልክት ሲያጋጥማቸው «እማማ የሺ፣ ይቺን ምን እንበላት?» ይሉኛል። «ምንም አትበሏት፣ እንዳለች ተዉአት» ስላቸው ይስቃሉ። ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አይቀበልም ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ ባዶ ቦታ የማይቀበል አለቃ ነበረኝ። ያኔ በእጄ የሠራሁትን ስለማውቅ ነው ሳቢያን ሰፈር ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፈው።

የተወለድኩት በምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ባቡር ላይ ፍሬን ይይዝ ነበር። እኛ ቤት አማርኛ፣ ጎረቤት ኦሮምኛ፣ ከማዶ ሱማልኛ ነው የሚወራው፤ ልጆች ሆነን በአንዱ ተጣልተን በሌላው እንታረቃለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ታይፕ ተምሬ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ አለቃዬ እየተንጎራደደ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ የሚናገረው አይሰማኝም፤ የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ እጽፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላወቀብኝም። ያኔ ጉብዝና መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ጉድ ያፈላብኝ ይኸው ልማድ ነው።

ከዚያ የሱማሌ ጦርነት መጣ። መድፉ ከከተማችን ዳር ድረስ ተሰማ። ጦርነቱ ጋብ ሲል ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ተመርጦ የዘማች ሚሊሺያ ቤተሰቦችን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ተከፈተና ወደዚያ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ከግንባር የሚመጣውን ወረቀት አንብበን፣ ማን የት እንዳለ ለይተን፣ በረንዳው ላይ ለሚጠብቁት ሚስቶችና እናቶች እንነግራለን። ወታደር ደግሞ ሙሉ ቃል አይጽፍም። ወ/ር ወታደር ነው፣ ሻ/ል ሻምበል ነው፣ ክ/ጦር ክፍለ ጦር ነው፤ እነዚህን ማንም በሳምንት ይለምዳቸዋል። መከራው እያንዳንዱ ጸሐፊ ከራሱ የሚፈጥረው ነው።

ያንን ያስተማረኝ ጋሽ ዩሱፍ ነው። የመጋላ ሰፈር ሰው፣ ሐረሪ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባቡሩን ቴሌግራፍ ሲቀበልና ሲልክ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ «ዓይኑ ያስፈልገናል» ተብሎ የተመለሰ። አንዱን መነጽር በሌላው ላይ ደርቦ ነው የሚያነበው። እንደ አገሩ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል። አለቃችን ደገኛ ስለነበር ይከፋው ነበር፤ እኔም «ጓድ፣ አንቱታ እኮ ድሬ ሲደርስ በሙቀቱ ይቀልጣል» እያልኩ አበርድለታለሁ።

ጋሽ ዩሱፍ ሥራ ሲጀምር ወረቀቱን አያነብም፤ ያሸተዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ጀርባውን ያያል። በምን ተጻፈ፣ በምን ላይ ተጻፈ፣ ሲጻፍ እጁ የት ላይ አርፎ ነበር፣ ይህን ሁሉ ሳያውቅ አንድ ፊደል አይተረጉምም።

«አቦ የሺ» ይለኛል፣ «ቃል የሚቆርጥ ሰው የቸገረው ነገር አለ። ወይ ጊዜ፣ ወይ ወረቀት፣ ወይ ብርሃን። መጀመሪያ የቸገረውን እወቂለት፣ ቃሉ ራሱ ይመጣል።»

አንድ ጊዜ «ቁ. ወደ ኋ. በግ.» የሚል መጣ። አለቃችን ጮክ ብሎ አነበበና «ምንድን ነው፣ ወታደሩ በግ ይዞ ነው የተመለሰው?» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ዩሱፍ ብቻ አልሳቀም። የዚያን ጸሐፊ ወረቀቶች በሙሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ጸሐፊው የእንስሳ ስም የሚያሳጥረው የተጫነበትን ሲጽፍ ብቻ እንደሆነ፣ በግ ደግሞ እንደማይጫን አሳየንና «ቁስለኛ፣ ወደ ኋላ፣ በግመል» ብሎ አነበበው። ወደ ሆስፒታሉ ሰው ተላከ፤ ሰውየው እግሩ በፋሻ ታስሮ ተኝቶ ተገኘ። እናቱ በረንዳችን ላይ ያሰማችው እልልታ እስከ ባቡር ጣቢያው ሳይሰማ አልቀረም። እኔም የዚያን ቀን በዚህ ሽማግሌ ሥር ለመሥራት መታደሌን አወቅኩ።

ሁለት ትእዛዝ ነበረው። አንደኛው፣ የማታውቂውን ምልክት ሥዕል ነው ብለሽ እንዳለ ቅጂው፣ ከራስሽ ቃል አታድርጊው። ሁለተኛው፣ ዋናው ወረቀት ከእጅሽ አይውጣ። ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ ጣስኳቸው።

ታላቅ እኅቴ አስቴር ባሏ ዘማች ነበር። ታደሰ ይባላል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት የሚሸት። ሁለት ደብዳቤ ጻፈና ጠፋ። አስቴር ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛ ዘንድ ነበረች። ማታ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላለሁ። በአንዲት ቃልና በአንዲት መልስ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን አንድ የቆሰለ ሚሊሺያ የጥይት ሣጥን አቅፎ ሆስፒታል ገባ። ሣጥኑን ካስረከበ በኋላ ትንፋሹ አልቆየም፤ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚነግር ቃል ሳይተነፍስ አረፈ። ሣጥኑ ለእኛ መጣ። ውስጡ አርባ ምናምን ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ የሲጋራ ካርቶን፣ የስኳር ከረጢት፣ የመድኃኒት መጠቅለያ። ሁሉም ላይ በኮፒ እርሳስ የሰው ስም ተጽፏል፤ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። በአንዳንዱ ስም መጨረሻ ቁርጥራጭ ቃል አለ። ከየስሙ ሥር ደግሞ ጥቃቅን ነጥቦች።

ጋሽ ዩሱፍ በዚያ ሰሞን ወባ ጥሎት መጋላ ቤቱ ተኝቶ ነበር። አለቃችን ጓድ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንጹሕ መዝገብ የሚወድና የበላዮቹን የሚፈራ ሰው ነበር። የአብዮት በዓል ደርሶ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሏል። ሣጥኑን አየና አፍንጫውን ያዘ።

«ጓድ የሺ፣ ይህ ቆሻሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ንጹሕ መዝገብ ላይ ይገልበጥ።»

«ጋሽ ዩሱፍ እስኪመለስ ብንጠብቅ? ያልገቡኝ ምልክቶች አሉ።»

«ምን ምልክት? ከውጊያው በኋላ ተመልሶ ለክፍሉ ሪፖርት ያደረገ፣ አለ። ያላደረገ፣ ተሰውቷል። መሐል ቤት የሚባል መዝገብ የለኝም።»

ገለበጥኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚያመኝ እሱ ነው። «ግ.ሥ.» የሚል ሲያጋጥመኝ «በግዳጅ ሥምሪት» ብዬ አረዘምኩት፤ ደስ የሚል ወታደራዊ ቃል ነው። ነጥቦቹን ደግሞ የዝንብ ኩስ ነው አልኩ። በድሬ ሙቀት ዝንብ የማያርፍበት ወረቀት የት አለ? ስሙ አልነበብ ሲለኝ ቢሮ ውስጥ የታይፕ ስሕተት በምንፍቅበት ምላጭ ነጥቦቹን ፋቅ ፋቅ እያደረግኩ አነብ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የስኳር ከረጢት ቁራጭ ሳነሣ የታደሰን ስም ከነአያቱ አየሁት። ምላጩን አላነሣሁም። ለሌላው ሁሉ የጻፍኩትን ግን ለእሱም በዚያው በሚያምር ጽሕፈቴ «የተሰዋ» ብዬ ጻፍኩ። ቁራጩን ለአስቴር ማስታወሻ ይሆናታል ብዬ ጡቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ የሰረቅኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ማታ አስቴር «ዛሬስ?» ስትለኝ «ገና ነው» አልኳት። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የነገርኳቸው ሽማግሌዎች መጡ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኅቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። የታደሰ እናት መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ዩሱፍ ከበሽታው ሲነሣ መጀመሪያ የመጣው ለቅሶ ለመድረስ ነው። ከስቶ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ይወዛወዛል። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ አስቴርን አጽናና። በነጋታው ቢሮ ሲገባ መዝገቡን አቀበልኩት። አንድ ገጽ አነበበ፣ ሁለት ገጽ አነበበ።

«ዋናውስ?»

«ተገልብጧል ብዬ ፈረምኩ። ዘበኛው ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ቀፊራ ገበያ ወስዶ ሸጦታል።»

«ምልክት አልነበረበትም?»

«አልነበረም። ነጥብ ነጥብ ነበር፣ የዝንብ ኩስ።»

የታደሰ ቁራጭ ቤት እንዳለ ስነግረው እንዳመጣው በእጁ ብቻ አመለከተኝ። ከሰዓት ይዤለት መጣሁ። ሁለቱን መነጽሮቹን ደርቦ ቆየና «የሺ» አለኝ፣ «ዝንብ መስመር ጠብቃ ትሄዳለች እንዴ?»

እውነትም ነጥቦቹ በየስሙ ሥር ቀጥ ብለው የተሰለፉ ነበሩ። በሁሉም ስም ሥር፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ነጥቦቹን የሚከፍል ትንሽ ቀጥ ያለ ጭረት አለ።

ከዚያ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። ያ ሽማግሌ የቢሮው ወለል ላይ ቁጭ አለ። ከረጢቱን የሚያህል ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ እርሳስ ያዘ።

«ስሞቹን በተራ ጥሪልኝ።»

«ለምን?»

«ጥሪልኝ አልኩሽ እኮ።»

ጠራሁ። በእያንዳንዱ ስም «አለሁ» ይላል፤ ይልና አንዲት ነጥብ ያሳርፋል። ቁራጩ ላይ ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ስሞች ጨርሼ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ከእያንዳንዱ ስም ሥር አንዳንድ ነጥብ አለ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩ። ሁለት ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ስከፍት ገባኝ።

«ስም ጥሪ ነው» አለ ጋሽ ዩሱፍ በቀስታ። «ባረፉ ቁጥር ይጠራቸዋል። ያለ፣ አለሁ ይላል። ጭረቷ ውጊያው ናት። ከሷ ወዲህ ያለውን ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። በአሥራ አራቱ ሰዎች ስም ሥር ከጭረቷ በኋላ ሰባት ሰባት ነጥብ አለ። አምስቱ ቀድመው ቆመዋል፤ አንዱ በሁለት፣ አንዱ በአራት። ከቆሙበት አጠገብ አግድም ሠረዝ አለ፤ ከሠረዙ ቀጥሎ ያቺ «ግ.ሥ.» ያልኳት። በአንደኛው ላይ ግን ጸሐፊው ቦታ ተርፎት ኖሮ ሙሉውን ጽፎታል። ግራር ሥር። የቀበረበትን ነው የጻፈው።

«የሞተውን ሠረዝ ያሰምርለታል» አለ ጋሽ ዩሱፍ። «አሥራ አራቱ ሠረዝ የላቸውም። ሁሉም በሰባተኛው ላይ እኩል ያቆማሉ። ነጥቡ የቆመው ሰዎቹ ስላለቁ አይደለም፣ አቦ! ወረቀቱ ነው ከነሱ ተለይቶ የሄደው። ለዚያ ቁስለኛ ሰጥተውት ላኩት፣ እነሱ ቀሩ።»

ከአሥራ አራቱ አንዱ ታደሰ ነበር።

ምን ብዬ ልግለጸው? ከወገን ተቆርጠው፣ ተጠምተው፣ ጠላት ከኋላቸው እያለ፣ አንድ ሰው ባረፉበት ሁሉ እርሳሱን አውጥቶ ስማቸውን ይጠራል። ማንም አላዘዘውም፤ የሚያዘው አለቃ ቢኖርማ ከላይ ስሙ ይጻፍ ነበር። ወረቀት ሲያልቅበት የስኳር ከረጢት ይቀድዳል። ቃል አሳጠረ፣ ፊደል አሳነሰ፣ ሰው ግን አላጎደለም። እኔ ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ፣ ሙሉ ደብተር ይዤ ያጎደልኩትን እሱ በበረሃ አላጎደለውም። ጋሽ ዩሱፍ መነጽሮቹን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ወላሂ» አለ፣ «ሠላሳ ዓመት ቴሌግራፍ ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ አልደረሰኝም።»

ወደ አለቃችን ገባን። አዳመጠንና ፊቱ ነጣ። የመዝገቡ ቅጂ ወደ በላይ ተልኳል፣ ለቤተሰቦቹ አበል ተወስኗል።

«ከዝንብ ኩስ ሙት ልታስነሡ ነው? ይህ ወሬ ከዚህ ክፍል ቢወጣ እኔም አልተርፍ፣ እናንተም አትተርፉም። ፀረ አብዮት አሉባልታ ነው የሚባለው።»

«አንተ ልጅ» አለው ጋሽ ዩሱፍ፣ «እኛ እኮ አለ አላልንም። አልሞተም ብሎ የጻፈ ሰው አለ ነው ያልነው።»

ወጥተን በቀጥታ ቀፊራ ገበያ ወረድን። ለውዝ ሻጮቹ ጋ እየተንበረከክን የጥቅልላቸውን ወረቀት እየፈታን ስናይ ሰው ተሰብስቦ ሳቀብን። አንዲት ሱማሌ ሴትዮ ጋ ስንደርስ ጋሽ ዩሱፍ በሱማልኛ የምንፈልገውን ነገራት። ሰማችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ የለውዟን ዘንቢል ገልብጣ ወረቀቱን ሁሉ መሬት ላይ አፈሰሰችው። «አባዮ፣ እኅቴ፣ ፈልጊ» አለችኝ። በጦርነቱ እሷም ሰው ሳይጠፋባት አልቀረም፤ አልጠየቅናትም፣ አልነገረችንም። ከእሷና ከሌሎቹ አራት ቁራጭ አገኘን። የቀረው የድሬ ሰው ለውዝ በልቶበት ጥሎታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በአራቱ ቁራጮች ላይ ስማቸው ወዳለ ሰዎች ቤት ጋሽ ዩሱፍ በዚያ ባልጠና እግሩ በየተራ ሄደ። ለአስቴር መንገር የኔ ነበር። ፈራሁ። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለትን ሰው ምናልባት አለ ብሎ መናገር ቁስል መቀስቀስ ነው፤ ባይመለስ ሁለተኛ እገድለዋለሁ። ግን ነገርኳት። ከረጢቱን ጭኗ ላይ ዘርግቼ ነጥቦቹን በጣቴ አሳየኋት። እሷም በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። ሰባት ስትደርስ ተነሣችና ጓዳ ገብታ ጥቁሯን አውልቃ ወጣች።

የታደሰ ዘመዶች አበደች አሏት። እናቱ ቤታቸው እንዳትደርስ ከለከሏት። ሰው ስለ ዳግም ጋብቻ ሲያነሣባት «ባለትዳር ነኝ» ትላለች። እኔ በየሌሊቱ «እኔ ነኝ በነጥብ ያሰርኳት» እያልኩ እገላበጥ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ቁራጫቸው የጠፋ ሰዎች ቤተሰቦች ነበሩ፤ ብዙ። ጋሽ ዩሱፍ «ወረቀቱ ባይኖርም ያየሽውን ንገሪያቸው» አለኝ። እኔ ግን ምን ብዬ? «ምልክት ነበረ፣ ፋቅኩት» ብዬ? እስር ቤት ታየኝ። ደግሞ ከእስሩ በላይ የሴቶቹን ዓይን ፈራሁ። «ቆይ» አልኩት። ዛሬ ነገ ስል እሱ በሦስተኛው ዓመት አረፈ። መጋላ መቃብር ድረስ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ርቄ ቆሜ ሸኘሁት። ለእኅቴ ተናግሬ ለሌላው ዝም ማለቴን እያወቀ ነው የሞተው። በመዝገብ ቤት ብዙ ስሕተት ይሠራል፤ የነጥቦቹን ባለማወቅ ሠራሁት፣ ይህን ግን እያወቅኩ።

ጦርነቱ ባለፈ አሥር ዓመት ገደማ የሁለቱ አገር ምርኮኞች ይለቀቃሉ ተባለ። አስቴር ሬዲዮኑን አቅፋ ዋለች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው በራችን ላይ ቆሞ «የአስቴር ቤት ነው?» አለ። አስቴር ከጓዳ ወጣች። እየዞረች አየችው። «ምነው ዘገየህ?» አለችው።

ታደሰ ነገሩን የነገረን ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ጸሐፊው የገጠር አስተማሪ ነበር፤ ሙላቱ ይባላል። ወረቀቱን ለቁስለኛው ሰጥተው በላኩ ማግሥት ተማረኩ። በእስር ቤቱም ሙላቱ በየማታው ስማቸውን ይጠራ ነበር፤ እርሳስ ስለሌለው በጣቱ ጉልበቱን መታ እያደረገ። በአራተኛው ዓመት ታሞ ሞተ።

«የሱ ስም ከረጢቱ ላይ የለም» አልኩት።

ታደሰ ተገረመ። ቁራጩን ወስዶ ከላይ እስከ ታች አየው። «እሱ ጠሪው ነዋ» አለ በመጨረሻ። «ለራሱ ማን ይጥራለት? አስበነውም አናውቅ።»

የታደሰ መመለስ በከተማው ወሬ ሆነ፣ የነጥቦቹም ነገር አብሮ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ዘሃራ እባላለሁ አለችኝ፤ ደቻቱ ወንዝ ማዶ ትኖራለች፤ ባሏ አህመድ በዚያው ሻምበል የዘመተ ነው። ከተመለሱት ውስጥ አልነበረም። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

«ወረቀቱን የገለበጥሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«የእኅትሽ ባል ነጥብ ነበረው አሉ። የኔውስ?»

አሥር ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ ይኸው መጣ። ውሸት ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። ግን የዚህችን ሴት ዓይን እያዩ መዋሸት አልሆነልኝም።

«የአህመድን ወረቀት አይቼዋለሁ። የዝንብ ኩስ መስሎኝ ነጥቦቹን በምላጭ ፋቅኳቸው። ወረቀቱም የለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስንት ነበሩ?»

«አላውቅም። አልቆጠርኳቸውም።»

«ግን ነበሩ?»

«ባይኖሩማ ምን እፍቅ ነበር?»

እንድትመታኝ ጠበቅኩ። ብትመታኝ አልከላከልም ነበር። እሷ ግን በዝግታ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ላላ አደረገችው።

«ስለዚህ ጠርቶታል» አለች። «ስሙን ጠርቶታል፤ እሱም አለሁ ብሎታል።»

«ብሎታል።»

«እኔ እኮ አሥር ዓመት ሙሉ ብቻውን ወድቆ፣ ማንም ሳያውቀው የቀረ ነበር የሚመስለኝ።» እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ሻርፗን አጥብቃ አስራ ተነሣችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«በኛ ሰፈር ብቻ እንደኔ የሚያስቡ ስድስት ሴቶች አሉ። ተነሽ፣ ለነሱም ትነግሪያቸዋለሽ።»

ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት።